ጀልባ እየጎተትኩ ከሐዋሳ ወደ ባሕር ዳር፦ አዲስ አበባን በየት በኩል ልዙራት?

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ሐዋሳ ላይ አንድ ያገለገለ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዝቻለሁ። ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ተሳቢውም አብሮ ተሽጦልኛል፤ ባለ ሁለት እግር ነው። የምጎትተው በራሴ ሂሉክስ ደብል ካብ ነው። ጀልባው፣ ሞተሩና ተሳቢው አንድ ላይ 1,100 ኪሎ ይሆናል ብሎኛል ሻጩ። ሐሳቤ ጣና ላይ ገዳማቱን ለሚጎበኙ እንግዶች ላሠራው ነው።

ከሐዋሳ እስከ ሞጆ ያለውን መንገድ ለምጄዋለሁ። ከሱሉልታ ወዲህ ያለውንም እንደዚያው። ያስጨነቀኝ መሀሉ ነው። ስልኬ ላይ መንገድ ስፈልግ በመስቀል አደባባይና በፒያሳ አድርጎ ነው የሚያወጣኝ። ለባዶ መኪና ምንም አይደለም። ከ11 ሜትር በላይ የሚረዝም ነገር ይዞ እዚያ መግባት ግን አልዋጥልህ አለኝ።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ቀለበት መንገዱን በምሥራቅ ልያዘው ወይስ በምዕራብ? በስንት ሰዓት ልለፍ? ወይስ ጭራሽ አዲስ አበባን ትቼ በደሴና በወልዲያ ዞሬ ልምጣ? ያለፈበት ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሸዋ_በር (ሱሉልታ)

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። በምዕራብ ያዝ። ሌላ አማራጭ አታስብ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ቀለበት መንገዱ ስሙ ቀለበት ይሁን እንጂ ሰሜኑ ላይ አልተገናኘም። በምሥራቅ ከያዝክ ሳሪስ አቦ፣ ቦሌ፣ ገርጂ ብለህ መገናኛ ላይ ትወጣለህ። ከዚያ ወደ ጎጃም በር ለመድረስ መልሰህ ከተማ ውስጥ መግባት አለብህ። በሾላ በል፣ በስድስት ኪሎ በል፣ ያው የሸሸኸው ነገር ውስጥ ነህ። ዳገቱ፣ ታክሲው፣ እግረኛው።

በምዕራብ ግን ከቃሊቲ ተነስተህ ሀና ማርያም፣ ጀርመን አደባባይ፣ አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች፣ 18 ማዞሪያ፣ ዊንጌት። ከዊንጌት ወደ አዲሱ ገበያ ታቋርጥና የእንጦጦን ዳገት ይዘህ ሱሉልታ። ከተማ ውስጥ የምትነዳው ከዊንጌት እስከ ዳገቱ ግርጌ ያለችውን ብቻ ነው። በኪሎ ሜትር ከመሀሉ ይረዝማል። በልብ ግን ያርፋል።

ወሎዬው (ደሴ)

እኔ በደሴ ና ነው የምልህ። ደሴ፣ ወልዲያ፣ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ ባሕር ዳር። መንገዱ አስፋልት ነው፤ የአባይን በረሃም አታይም። ረጅም ነው ግን የከተማ ጭንቀት የለበትም።

አሮጌው_ሹፌር (ደብረ ማርቆስ)

ወሎዬው፣ ለቀናው ሐሳብህ አመሰግናለሁ። ግን ልጁን አታርቀው።

አንደኛ፣ ከሞጆ ወደ ደብረ ብርሃን ለመውጣት ያው አዲስ አበባን በምሥራቅ በኩል መንካቱ አይቀርም። በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ ነው የሚወጣው። ጨርሶ ልሽሻት ካለ ደግሞ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ ዞሮ በባቲ ኮምቦልቻ ሊገባ ነው። ያ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚተራመስበት መንገድ ነው፤ ሙቀቱም ሌላ።

ሁለተኛ፣ የአባይን በረሃ ሸሽቶ ምን ያገኛል? ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ቁልቁለት ከአባይ አያንስም። ከወልዲያ ወደ ጋሸና ደግሞ ሌላ ተራራ ይጠብቀዋል። አንድ ቁልቁለት ፈርቶ ሦስት ተራራ መግዛት ነው።

ጣና_ዳር ልጄ፣ ሸዋ_በር ያለህ ትክክል ነው። በምዕራብ ያዝ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን አንተ ያልጠየቅኸው ነገር ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው?

ጣና_ዳር

ጋሼ፣ ስለ ምላሽዎ እግዜር ይስጥልኝ። የለውም። እግሩ፣ አክሰሉና ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ጋንቾ ብቻ ነው። ሻጩ ሐዋሳ ውስጥ ከግቢው ወደ ሐይቁ ሲያመላልስበት የኖረ ነው። ሂሉክሱ ግን ፍሬኑ በቅርብ የታደሰ ነው።

አሮጌው_ሹፌር

እንግዲያው መንገዱን ከማውራታችን በፊት ይሄን እንጨርስ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርድና ድልድዩን ተሻግረህ ያንኑ ትወጣለህ። አስፋልቱ መሬቱ ስለሚንሸራተት በየቦታው ሞገድ ሠርቷል። እዚያ ላይ 1,100 ኪሎ ከኋላህ ሲገፋህ የመኪናህ ፍሬን የራሱን ክብደትም፣ ያንንም ሊይዝ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ካለችው ከፍልቅልቅ ከተማ ሳትደርስ ይግላል። የጋለ ፍሬን ብትረግጠውም አይሰማህም፤ ፔዳሉ እንዳለ ይሄዳል። ያኔ ኩርባው ላይ ነህ።

ሐዋሳ ሜዳ ነው። እዚያ ያለ ፍሬን የኖረ ተሳቢ የአባይ በረሃን አያውቀውም።

ጎጃሜው_በርሚንግሃም (እንግሊዝ)

ጋሼ ያሉት ነገር እዚህ አገር በሕግ ተጽፏል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ በላይ እንዲጎተት አይፈቀድም። የአብዛኞቹ ፒካፖች መመሪያም ይህንኑ ቁጥር ነው የሚጠቅሰው፤ የአንተን ሂሉክስ መጽሐፍ ገልጠህ እየው። ስለዚህ 1,100 ኪሎህ ሜዳ ላይም ቢሆን ከልክ ያለፈ ነው።

እኔ እዚህ ካራቫን እጎትታለሁ። አልጋና ማድ ቤት ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ማለት ነው። በየክረምቱ ልጆቹን ይዘን ወደ ባሕር ስንወርድ ለንደንን መዞር አለብን። ለንደንን የሚከባት ኤም 25 የሚባል መንገድ አለ። 188 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ነው ተሠርቶ ያለቀው። መሀል ከተማው በርቀት ያጥራል። ግን ካራቫን የሚጎትት ሰው በመሀል አይገባም። አዲስ አበባም ላይ የሚሠራ ስለሆነ እዚያ የለመድኩትን ላካፍልህ።

መንገድ ስትመርጥ ስለ ርቀት አታስብ። የምታስበው ስለ ማቆምና ስለ መታጠፍ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ስንት ጊዜ ይቆማል? ስንት ጊዜ ዳገት ላይ ቆሞ ይነሳል? ስንት ጠባብ ማዕዘን ይታጠፋል? ወደ ኋላ መመለስ የሚያስገድድ ቦታ አለ ወይ? እነዚህ የሚያንሱበት መንገድ የአንተ መንገድ ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም።

ስልክህ ደግሞ ተሳቢ መያዝህን አያውቅም። እንደ ቪትዝ ነው የሚያስብህ። ስለዚህ «ባሕር ዳር» ብለህ ብቻ አትተወው። በመሀል ማረፊያ ነጥብ አስገባ፦ መጀመሪያ ቃሊቲ፣ ቀጥሎ አየር ጤና፣ ቀጥሎ ዊንጌት፣ ከዚያ ሱሉልታ። ያኔ በግድ በቀለበቱ ይወስድሃል። እየነዳህ «አቋራጭ አግኝቻለሁ» ቢልህ አትስማው። ስሞቹን በወረቀት ጽፈህ ዳሽቦርድ ላይ ለጥፍ፤ አጠገብህ ያለው ሰው ያንብብልህ።

መውጫ ካለፈህ ደግሞ ሂድ፣ አትቁም። ቀለበት መንገዱ መሀሉ ግንብ ስለሆነ መዞሪያ እስክታገኝ ትንሽ ይርቃል። ይራቅ። ከተሳቢ ጋር ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ መመለስ አደጋ መጥራት ነው።

መካኒኳ (ባሕር ዳር)

ስለ ፍሬኑ እኔ ልግባ። ጣና_ዳር፣ ሁለት ምርጫ አለህ።

አንዱ ጀልባውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ማምጣት ነው። ስፖንዳው ተከፍቶ 6 ሜትሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይተርፋል። ቀይ ጨርቅ ታስርበታለህ። ሐዋሳ ላይ ለመጫን፣ እዚህ ለማውረድ ግን ክሬን ወይ ብዙ ሰው ትፈልጋለህ። ፋይበር ግላስ ደግሞ በገመድ ተጎትቶ ሲወርድ ሆዱ ይሰነጠቃል። ዓይቻለሁ።

ሌላው ተሳቢው ላይ ፍሬን ማስገጠም ነው። መኪናህ ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል አይደል? ያ ግፊት ራሱ ጋንቾው ላይ ያለውን ዘንግ ገፍቶ የተሳቢውን ፍሬን እንዲይዝ የሚያደርግ አሠራር አለ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ያገለገለ አክሰል ከነፍሬኑ ከተገኘ ጎበዝ በያጅና መካኒክ ይሠሩታል። ግን ተሠርቶ አልቋል ስትባል አትመን። ባዶ መንገድ ላይ ጎትተህ ደጋግመህ ያዝ። ከዚያ ውረድና ሁለቱንም ቸርኬ በእጅህ ንካ። ሁለቱም እኩል ሞቅ ማለት አለባቸው። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ በአንድ እግር ብቻ ነው እየያዘ ያለው፤ እሱ ደግሞ ኩርባ ላይ ይጠመዝዝሃል።

ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ያለ ማወላወል አስፈታው። የጀልባ ተሳቢ ሐይቅ ውስጥ ይነከራል፣ ውሃ ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ክሪክ አስገብተህ ጎማውን በእጅህ አሽከርክረው፤ የሚያንኳኳ ወይ የሚፈጭ ድምፅ ካለ ቀይረው። ድምፅ ባይኖርም ተጠርጎ አዲስ ግራሶ ይግባበት። ከሐዋሳ ባሕር ዳር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የደረቀ ኩሽኔታ ይህን አይችልም።

ስኮርታ ያዝ። የተሳቢው ጎማ ከሂሉክሱ ስለሚያንስ የመኪናው ስኮርታ አይሆንለትም።

ጎጃሜው_በርሚንግሃም

የመካኒኳን ቃል በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት።

ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው በፍጥነት ሲሄድ መዋዠቅ ይጀምራል። በጣም ወደ ፊት ካዘነበለ ደግሞ የመኪናህ ፊት ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም ይዳከማል። ካራቫን ላይ የምንጠቀመው ልክ ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው። በአንተ 1,100 ኪሎ ከ55 እስከ 77 ኪሎ መሆኑ ነው። ለመለካት የእህል ሚዛን ይበቃል። ተሳቢውን ሜዳ ላይ አቁም፤ ሚዛኑ ላይ ጠንካራ አጣና ቀጥ አድርገህ አቁምና የጋንቾውን አፍ አሳርፍበት። ከፍታው መኪናው ላይ ሲገጠም ከሚኖረው ጋር እኩል ይሁን። ካነሰ ጀልባውን ተሳቢው ላይ ጥቂት ወደ ፊት ሳበው። ሞተሩ ከኋላ የሚከብድ ከሆነ ፈትተህ ፒካፑ ላይ ጫነው።

ቢዋዥቅ ምን ታደርጋለህ? ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ራሱ እስኪረጋ ጠብቅ። በመሪ ለማረም አትሞክር። ፍሬንም አትርገጥበት። እዚህ አገር በፈጣን መንገድ ካራቫን ለሚጎትት የተፈቀደው በሰዓት 60 ማይል ነው፣ 96 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሦስት መስመር ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ለመቅደሚያ የሚሆነውን የውስጠኛ መስመር አንነካም። የአንተ ተሳቢ ትንሽ ጎማ ያለው ስለሆነ ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ ባለው የክፍያ መንገድ ላይ ከ80 አትለፍ። ዳር ዳሩን ያዝ፤ የሚያልፍህ ይለፍህ።

ጣና_ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ፍሬን ሳይኖረው ከሐዋሳ አይንቀሳቀስም። ወስኛለሁ። ጉዞውን ለጥቅምት መጨረሻ አዛውሬዋለሁ። የአይሱዙውን ነገር ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ትተነዋል፤ ተሳቢው እዚህም ስለሚያስፈልገን ገንዘቡን እሱው ላይ ብናውለው ይሻላል ብለናል።

አሁን የቀረኝ ሰዓቱ ነው። ሌሊት ልለፍ ብዬ ነበር። ከተማው ባዶ ይሆናል ብዬ።

ሸዋ_በር

ሌሊት አትምጣ። ከተማውን ባዶ ብታገኘው እንኳ ሱሉልታ ላይ ብርድና ጭጋግ ይጠብቅሃል፤ ዳር ላይ መብራት የሌለው ከባድ መኪና ቆሞ ታገኛለህ። የተሳቢህን መብራትም የሚያየው የለም። ጎህ ሲቀድ ቃሊቲ ድረስ።

ቀኑ እሁድ ይሁን። የሥራ ቀን ጠዋት ላይ አየር ጤናና ጦር ኃይሎች እንዴት እንደሚሆኑ ታውቃለህ። ግን የወሩን የመጨረሻ እሁድ ዝለል። ያን ቀን አዲስ አበባ ላይ ከመኪና ነፃ ተብለው የሚዘጉ መንገዶች አሉ፤ ከዚያ የሚሸሸው መኪና ሌላው ላይ ይከማቻል። የሩጫና የበዓል ቀንም እንደዚያው።

ሌላው የጭነት መኪና ሰዓት ገደብ ነው። ከተማው ውስጥ ከባድ ጭነት በቀን እንዳይገባ ይከለክላል፤ ደንቡም በየጊዜው ይሻሻላል። የአንተ ፒካፕ ቢሆንም ተሳቢ ስላለው ትራፊክ ሊያስቆምህ ይችላል። በዚያው ሳምንት ለትራፊክ ማኔጅመንት ደውለህ «ፒካፕ ከነተሳቢው በእሁድ ጠዋት በቀለበት መንገድ ያልፋል ወይ» ብለህ ጠይቅ። የተሳቢውን ሰሌዳ፣ ቦሎና የግዢ ውል አቅርበህ ያዝ። መንጃ ፈቃድህም ተሳቢ ለመጎተት የሚበቃ መሆኑን አሁኑኑ አጣራ፤ ኬላ ላይ አይደለም የሚጣራው።

አሮጌው_ሹፌር

ሰዓቱን ከአዲስ አበባ ተነስተህ አትቁጠር። ከበረሃው ተነስተህ ወደ ኋላ ቁጠር። ይሄን ነው ወጣቶቹ የሚስቱት። ከተማውን በጥሩ ሰዓት አለፍኩ ብለው ደስ ይላቸዋል፤ ከዚያ ደክሟቸው፣ ፀሐዩ በርትቶ፣ ወይ ሲመሽ አባይ ይደርሳሉ።

የአባይን በረሃ የምትገባው ረፋድ ላይ ነው። ጎሐ ጽዮን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ድረስ እንበል። ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ተሳቢ ይዘህ፣ ፍቼ ላይ ቁርስ በልተህ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅብሃል። ስለዚህ ሱሉልታን 1 ሰዓት ላይ ማለፍ አለብህ። ለዚያ ደግሞ ዊንጌትን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልታልፍ ነው። ቃሊቲን 11 ሰዓት ተኩል። እንግዲህ የት ማደር አለብህ? ቢሾፍቱ። ቅዳሜ ከሐዋሳ ተነሳ፣ በባቱ በሞጆ አድርገህ ቢሾፍቱ በጊዜ ግባ። ሰፊ ግቢ ያለው፣ ገብተህ ዞረህ የምትወጣበት ማደሪያ ፈልግ። ተሳቢውን አትፍታው። አፍንጫውን ወደ በሩ አዙረህ አሳድረው፤ ሌሊት በጨለማ ወደ ኋላ አትታገል።

ነዳጅም እዚያው ሙላ። አዲስ አበባ ውስጥ ማደያ መግባት የለም። ሰልፉ አንድ ነገር ነው፤ ከነተሳቢህ ገብተህ መውጫ ማጣት ሌላ ነው።

የእንጦጦን ዳገት በከባድ ማርሽ ያዝ። ከአዲሱ ገበያ ገና ሳትነሳ ቀንሰህ ግባ፤ መሀል ላይ ማርሽ ፍለጋ ከቆምክ ፍሪሲዮንህ ነው የሚጮኸው። ከፍታው ራሱ የሞተርን ጉልበት ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ይሻላል፤ ቢሆንም ይሰማሃል።

አሁን በረሃው። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁም። ጋንቾውን፣ የጥንቃቄ ሰንሰለቱን፣ የጀልባውን ማሰሪያ፣ መብራቱን እይ። ሰንሰለቱ ከጋንቾው ሥር ተመሳቅሎ ይታሰር፤ ጋንቾው ቢላቀቅ እንኳ አፍንጫው መሬት ሳይመታ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ስትወርድ ገና ከላይ ሁለተኛ ማርሽ ያዝ። የምትወጣበት ማርሽ የምትወርድበት ነው። ፍሬኑን እያሻሸህ አትሂድ፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ልቀቅ። ይቀዝቅዝ። ፍልቅልቅ ላይ ቁምና ውረድ። እጅህን ወደ ቸርኬው አስጠጋ፣ አትንካው መጀመሪያ። ሙቀቱ ከሩቅ ከመታህ ተቀመጥ፣ ሻይ ጠጣ። ውሃ እንዳትደፋበት! ረዳቶች ሲደፉ ታያለህ። የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል።

ጃፓኖች የረዱትን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረህ ወደ ኩራር ስትወጣ ማቀዝቀዣውን አጥፋና የሙቀት ምልክቱን ተከታተል። ከፍ ካለ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ሞተሩን ሳታጠፋ። ስትቆም የተሳቢው ጎማ ሥር ታኮ ይግባ። ታኮውን የሚያስገባ ሰው አጠገብህ ይኑር፤ ብቻህን አትምጣ።

ደብረ ማርቆስ እደር። ከእኔ ቤት ምሳ አለህ። ሰኞ ጠዋት በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርገህ ቀትር ላይ ባሕር ዳር ነህ። እያንዳንዱን ጠዋት ከመነሳትህ በፊት ግን ወደ ፊት ላለው ከተማ ደውለህ «መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው» በል። ክፍት ካልሆነ አንድ ቀን ማደር ነው።

ጣና_ዳር

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን እንዳለ አትሜ መኪናው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ወንድሜ አብሮኝ ይመጣል፤ ታኮውም ወረቀቱም በእሱ እጅ ነው።

አንድ ጥያቄ። ወደ ኋላ መመለስ ግድ ቢሆንብኝስ? ቢያንስ ጀልባውን ውሃ ውስጥ ሳስገባው ያስፈልገኛል።

ጎጃሜው_በርሚንግሃም

እጅህን ከመሪው ግርጌ ላይ ያዝ፣ 6 ቁጥር ላይ። የተሳቢው ኋላ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግህ እጅህን ወደ ግራ ውሰድ። ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ። ትንሽ ብቻ አንቀሳቅስ፣ ጠብቅ፣ መልስ። ከመስታወትህ በአንዱ ውስጥ ተሳቢው እየሰፋ ከመጣ ከግርጌ የያዘውን እጅህን ከዚያ መስታወት በተቃራኒ አቅጣጫ ውሰድ፤ ይቃናል። በጣም ከታጠፈ ግን በመሪ ለማዳን አትታገል። ወደ ፊት ሄደህ ቀጥ አድርገውና እንደገና ጀምር። ከመምጣትህ በፊት ሐዋሳ ላይ ባዶ ሜዳ ፈልገህ ድንጋይ ደርድርና ተለማመድ። ጠዋት አንድ ሰዓት ስጠው፤ ከሰዓት በኋላ እጅህ ይገባዋል።

ስትታጠፍም የተሳቢው ጎማ ከመኪናህ ጎማ ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ማዕዘን ላይ ትንሽ አልፈህ ነው የምትታጠፈው፤ አለዚያ ጠርዙን ትወጣዋለህ። አደባባይ ላይ ሰፋ አድርገህ ዙር።

ዘጌ_ቡና (ባሕር ዳር)

የደረስክበትን ጫፍ እኔ ልንገርህ፤ ጀልባ ላይ ነው የምውለው።

ከመራዊና ከመሸንቲ በኩል ስትገባ ዋናው ችግርህ ባጃጅ ነው። ከተሳቢህና ከመኪናህ መሀል ክፍተት ያለ ይመስላቸዋል። ፍሬቻህን አስቀድመህ አሳይና በዝግታ ግባ። ማቆያህ ከአባይ ማዶ ከሆነ አትጨነቅ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ በየአቅጣጫው ሦስት መስመር ነው። ከነተሳቢህ ተዝናንተህ ታልፋለህ። ጣና ነሽ 2ን የሚያህል መርከብ እንኳ ከጅቡቲ በየብስ ተጭኖ መጥቷል፤ የአንተ 6 ሜትር ይገባል።

ጥቅምት መምጣትህ ጥሩ ነው። ጣና ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ ውሃው ዳር ድረስ ይመጣልሃል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቢሆን ጭቃው ውስጥ ነበር የምትገባው። ደንገል የበዛበትን ቦታ ተው፤ ሥሩ ረግረግ ነው። ጠጠር ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ዳር ምረጥ። የሂሉክሱ የኋላ ጎማ ውሃ እንዳይነካ። እዚያ ከመድረስህ በፊትም ተሳቢው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይቀዝቅዝ። የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ጀልባው ከሌላ ሐይቅ ነው የሚመጣው። ሐዋሳ ላይ ከመነሳትህ በፊት ሆዱን፣ የሞተሩን መዘውር፣ የተሳቢውን ብረት ሁሉ እጠብ። ቅጠልም፣ ሥርም፣ ጭቃም አይቅርበት። የውስጥ ውሃውን አፍስስና ፀሐይ ላይ አድርቀው። እምቦጭ እዚህ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ሰው በእጁ እየነቀለ ምን እንደደረሰበት አይተናል። ትንሽ ቁራጭ ናት በቅላ የምትሰፋው። ሌላም የማናውቀው አረም ሊኖር ይችላል።

መካኒኳ

ዘጌ_ቡና ስለ ኩሽኔታው ትክክል ነህ። እኔም እላለሁ፦ እንደደረሰ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጋራዥ ያምጣው። መንገድ ላይ የላላ ነገር ካለ እናጥብቀዋለን። የፍሬኑን ሽቦም አየዋለሁ፤ አዲስ ሽቦ ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ይረዝማል።

ጣና_ዳር

እሺ፣ ይህ ነው የመጨረሻው። ፍሬኑና ኩሽኔታው ሐዋሳ ላይ ይሠራል። ጀልባው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ሞተሩ ፒካፑ ላይ ይጫናል። ቅዳሜ ቢሾፍቱ አድራለሁ። እሁድ ማለዳ በቃሊቲ፣ በአየር ጤና፣ በዊንጌት ሱሉልታ። ረፋድ ላይ በረሃውን፣ ማታ ደብረ ማርቆስ። ሰኞ መካኒኳ ጋር።

የወሩን የመጨረሻ እሁድ ለመዝለል አንድ ሳምንት ቀደም አድርጌ ልነሳ ነው። ፍሬኑ እስከዚያ ካላለቀ ግን ወደ ኅዳር አዛውረዋለሁ።

አሮጌው_ሹፌር

ካላለቀ አዛውረው። ቢሾፍቱ ስትገባ ደውልልኝ፤ የበረሃውን ሁኔታ ከሚመጡት ሹፌሮች ጠይቄ እነግርሃለሁ።